እግር ከተሰጠ በኋላ



በዚህ ወር የምንመለከተው፥ ካገሩ ተሰዶ በአካሉም የተጎዳ ሰው እንዴት እንደሚረዳ ነው። ይህ የመንግሥትና የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ከወረታ አጠገብ በፎገራ ሜዳ የሚገኘውን ቁሐር ሚካኤልን ያስብ። ከመተማ ድንበር የሚነሣው መንገድ በጎንደር አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው በወረታ በኩል ነውና፥ ስደተኛውና ሕመምተኛው ባካባቢው ሰው ደጅ ማለፉ አይቀርም።

የሱዳን ጦርነት የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ እኛ የትንሣኤን ዋዜማ ስንጠብቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብቷል። ከጦርነት በሚሸሽ ሕዝብ መካከልም በጥይት የቈሰለ፥ ወይም አስቀድሞ ማየትና መራመድ የተሳነው መኖሩ የታወቀ ነው። በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች የሰፈሩትም በ2016 ዓ.ም. እንደገና ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። ስደተኛ ስፍራ በለወጠ ቍጥር ሕክምናው ሊቋረጥ ስለሚችል፥ የሕክምና ወረቀቱን እንደ ገንዘቡ እንዲጠብቅ መምከር ይገባል።

ሕጉስ አልነፈገውም። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው በአገሪቱ ባለው የጤና አገልግሎት እንዲጠቀም ፈቅዶለታል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነትም አካል ጉዳተኞች በጦርነት ጊዜ እንዲጠበቁ፥ ተሃድሶም እንዲያገኙ ያዛል። በባሕር ዳር ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ የተሃድሶ ማእከል አለ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል።

ነገር ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሰው ሠራሽ እግር አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ ስጦታ አይደለም። ልጅ ስለሚያድግ በየ6 ወሩ ገደማ፥ ዐዋቂም ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊለወጥለት ያስፈልጋል። ማሰሪያው ሲላላ ወይም ቆዳውን ሲልጠው፥ ሄዶ የሚያስጠግንበት የመሳፈሪያ ገንዘብ ከሌለው፥ እግሩን ከጓዳ ጥሎ ወደ ምርኩዙ ይመለሳል። ያን ጊዜ የሐኪሙ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ በየቤቱ ሊታወቁ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች እነሆ።

አንደኛ፥ ወጌሻ የተሰበረውን አጥንት በስንጥር አጥብቆ ካሰረው በኋላ ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፥ ቢደነዝዙ ወይም መልካቸው ቢለወጥ፥ ማሰሪያውን ወዲያው አላልቶ በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ከስብራቱ ሳይሆን ከማሰሪያው ጥብቀት የተነሣ እግሩን ያጣ ሰው አለና።

ሁለተኛ፥ እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቈረጠ ሰው፥ ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስለትም፥ ከጉልበቱ ሥር ትራስ አያድርግ። ጉልበቱ እንደ ታጠፈ ከቀረ ሰው ሠራሹን እግር አድርጎ መራመድ ያስቸግረዋል።

ሦስተኛ፥ ከወገቡ በታች የማይንቀሳቀሰውን ሰው በተኛበት በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፥ ቆዳውንም በየቀኑ መመልከት ያስፈልጋል። ስሜት በሌለው ገላ ላይ የሚወጣ ቍስል ሳይታወቅ እስከ አጥንት ሊደርስ ይችላልና።

አራተኛ፥ በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ የፎገራ ዋልካ ምርኩዙንም ተሽከርካሪ ወንበሩንም ይይዛል። ከቤቱ ደጅ እስከ መጸዳጃው ድረስ መንገዱን በጠጠር መደልደል ለጎረቤት የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ ለጉዳተኛው ግን ሰው ሳይጠራ መውጣትና መግባት ነው።

ደጉ ሳምራዊ የቈሰለውን መንገደኛ ቍስሉን አሥሮ ብቻ አልተወውም፤ በእንግዶች ማደሪያ አስጠበቀው፥ ገንዘብ ከፈለለት፥ ተመልሶም እንደሚመጣ ቃል ገባ። ተሃድሶ ማለት ይህ ተመልሶ መምጣት ነው። በማኅበርና በሰንበቴ የምትሰበሰቡ ወገኖቻችን ሆይ፥ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ ለአንድ ጉዳተኛ እስከ ባሕር ዳር የሚሆን መሳፈሪያ ተባብሮ ማዋጣት ለማንም አይከብድም። «እግር ተሰጥቶታል» ብለን ከማረፋችን በፊት፥ «ዛሬስ ይራመድበታልን?» ብለን እንጠይቅ።