የደረቀ ሁሉ የሞተ አይደለም

አውሮፓውያን በብርዱ ወራት ቱሊፕ የሚባለውን፣ ሥሩ ሽንኩርት የሚመስለውን አበባ በቤታቸው ውስጥ ያሳድጋሉ። ይህ ሥር ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ካላረፈ በደንብ አያብብም፤ ለሰርቦ አየር እንግዳ ነው።

በአገራችን ጫካ የሚበቅለው ስካዶክሰስ ግን ዕረፍቱ ድርቀት እንጂ ብርድ አይደለም። እስከ 200 የሚደርሱ ጥቃቅን አበቦቹ ተሰብስበው ቀይ ኳስ ይመስላሉ። ታቹ በተበሳ ቆርቆሮ ተክላችሁ በመስኮት አጠገብ አኑሩት። በበጋ ቅጠሉ ሲደርቅ ውሃ ከልክሉት፤ በመጋቢት ገደማ ብታጠጡት አበባው ብዙ ጊዜ ከቅጠሉ ቀድሞ ብቅ ይላልና፣ ሞቷል ብላችሁ ለመጣል አትቸኩሉ።

አንድ አደራ ግን አለ፤ ሥሩ መርዝ ስለ ሆነ ከወጥ ቤቱ ሽንኩርት ጋር ከቶ አታስቀምጡት፤ ለልጆችም አስቀድማችሁ ንገሩ።