«ኮምፒውተሩ አያውቀውም»

ይህችን ሰበብ ያልሰማ ከተሜ አለ? መስኮት ላይ ቆመህ ስምህን ትናገራለህ፣ ጸሐፊዋ ሁለት ጊዜ ትሞክርና «ኮምፒውተሩ አያውቀውም» ትልሃለች። በቃ፣ ስምህ ተቀየረ።

ወዳጆቼ፣ ኮምፒውተር በራሱ ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ሰው የነገረውን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን «ማን ነው ሳይነግረው የቀረው?» መሆን አለበት። ካላመናችሁኝ ኮሪያን እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 ሃንጉልን ሲያውጁ ለሕዝባቸው የሰጡት የሚገጣጠም ፊደል ነው። መነሻ ተነባቢ፣ አናባቢ፣ ካስፈለገም መዝጊያ ተነባቢ አንድ ላይ ተሰካክተው አንድ ቀለም ይሆናሉ። ዛሬ መነሻዎቹ 19፣ አናባቢዎቹ 21፣ መዝጊያዎቹ «ባዶ»ን ጨምሮ 28 ናቸው። ብታባዟቸው 11,172 ቀለም ይወጣል።

በ1987 የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ለኮምፒውተር የሚሆን የፊደል ደረጃ አወጣ፤ ኬኤስ ሲ 5601 ይባላል። ቁጥር የተሰጣቸው ስንቶቹ ቀለሞች ናቸው? 2,350 ብቻ! የቀሩት 8,822 ብዙም አያገለግሉም ተብለው ደጅ ቀሩ። በዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ ግን ለ4,888 የቻይና ፊደላት ቦታ ተገኝቷል። እንግዳው ወንበር ሲያገኝ የቤቱ ልጅ ቆመ ማለት ነው።

ብዙም አልቆየም፣ በ1990 «ቶምባንግ ጋክሃ» የሚባል ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን መጣ። የርዕሱ የመጀመሪያ ቀለም ከ2,350ዎቹ ውስጥ የለችም። አገር የሚያየው ድራማ ስሙ በአገሩ መደበኛ ኮድ አይጻፍም! ሕያው ቋንቋ እንዲህ ነው፤ ነገ ምን እንደሚል ዛሬ ቆጥረህ አትጨርሰውም።

«ምን ይደረግ፣ ቦታ አልነበረም» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ከዓለም አቀፉ አሠራር ጋር እንዲስማማ የተመረጠው ሰንጠረዥ 94 በ94፣ ማለትም 8,836 ሳጥን ብቻ ነበረው። ነገር ግን ሰንጠረዡን የመረጠው ማን ነው? «ጆሃብ» የሚባል ሌላ ዘዴ ነበረ። ለመነሻው 5 ቢት፣ ለአናባቢው 5፣ ለመዝጊያው 5፤ አንዲት ምልክት ቢት ስትጨመር ልክ ሁለት ባይት። 11,172ቱም ገቡ! በ1992 መንግሥት ይህን ዘዴ ተቀበለው፤ ያውም በአባሪነት።

ዩኒኮድም መጀመሪያ ላይ ከዚህ አልተማረም። በ1993 የነበረው 6,656 ቀለም ነው። በ1996 ያንን ሰርዞ 11,172ቱንም በአዲስ ቦታ ደረደረ፤ በአሮጌው ቁጥር የተጻፈ ጽሑፍ ሁሉ ትርጉም አጣ። አንዴ ቦታ የተሰጠው ፊደል ከቦታው አይነቃነቅም የሚለው ሕግ የጸናው ከዚህ ትርምስ በኋላ ነው። ዛሬ የማንኛውም ቀለም ቁጥር በስሌት ይገኛል፦ የመነሻውን ተራ በ21 አባዛ፣ የአናባቢውን ደምር፣ ድምሩን በ28 አባዛ፣ የመዝጊያውን ደምር፣ በመጨረሻ 44,032 ጨምር። ተራው ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። የንጉሡ ሐሳብ ሙሉውን ወደ ዩኒኮድ የገባው ልክ በ550 ዓመቱ መሆኑ ነው።

በኮሪያውያን ለመሳቅ ግን አንቸኩል። የኛ ፊደል ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። «የኛ» ስንል የማን ነበር? ሰባት ቤት ጉራጌ፣ ሜኤንና ቤንች የሚያስፈልጓቸው ተጨማሪ ፊደላት እስከ 2005 ጠበቁ። የጉሙዝና የባስኬቶ እስከ 2010። ለጉራጌኛ ገና በ2021 ሌላ ጭማሪ አስፈለገ። አማርኛ ጻፊው «ፊደላችን ኮምፒውተር ገባ» ብሎ ሲደሰት ጎረቤቱ ደጅ ቆሞ ነበር።

«ይህ የኢንጂነሮች ጉዳይ ነው» አትበሉኝ። የትኛው ድምፅ እንደሚጻፍና የትኛው እንደሚቀር መወሰን፣ ማን በስሙ እንደሚጠራ መወሰን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ኮምፒውተሩ አያውቀውም» ሲሏችሁ ስማችሁን አትቀይሩ። «እንግዲያው ንገሩት!» በሏቸው።