ፎቶው ይቅርብን፣ ታይገሯ ትለፍ

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። የማወራው ስለ ነብር አይደለም። ነብርማ እኛም አገር አለ፤ ባለ ነጠብጣቡ። የእኔ ጉዳይ ህንድ ጫካ ውስጥ ከሚኖረው፣ ሰውነቱ ላይ ጥቁር መስመር ከተሰመረበት፣ እኛ ግን ያንንም «ነብር» ብለን ከምንገላገለው ከታይገር ጋር ነው።

ህንድ ለትምህርት በነበርኩበት ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ብር አዋጥተን አንድ የታይገር ጥብቅ ክልል ገባን። ገና ሳይነጋ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን፣ ስድስት ሆነን በክፍት ጂፕ። ሁለት ሰዓት ያህል አቧራ ስንቅም ቆየንና ዛፍ ላይ ያለ ጦጣ የማስጠንቀቂያ ጩኸቱን ለቀቀው። ሹፌራችን መሪውን አዞረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገናኛ ላይ የታክሲ ግፊያ ያየ ሰው ይገባዋል። ከየአቅጣጫው ጂፕ ተግተለተለ። ቆጠርኩ፤ 17። ታይገሯ መንገዱን ተሻግራ ወደ ውሃው መሄድ ፈልጋ ነበር። ፊቷ ጂፕ፣ ኋላዋ ጂፕ። ሁለት ጊዜ ሞከረች፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። እኔስ? እኔማ «ትንሽ ጠጋ በል እንጂ!» እያልኩ የሹፌሩን ትከሻ እጎስም ነበር። ፎቶው አሁንም አለኝ። ቆንጆ ፎቶ ነው። አፍርበታለሁ።

ይሄ የእኔ ብቻ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ ዝም እል ነበር። ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ማሃራሽትራ ግዛት፣ ኡምሬድ-ፓውኒ-ካርሃንድላ በተባለው የዱር እንስሳት መጠለያ፣ የጎብኚ ጂፖች አንዲትን እናት ታይገር ከአምስት ግልገሎቿ ጋር መንገድ ዘጉባት። ቪዲዮው ተሰራጨ። የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሳሽ ሳይጠብቅ በራሱ ጉዳዩን ያዘው። ሹፌሮችና አስጎብኚዎች ታገዱ፣ ተቀጡ። ይበላቸው እንበል። ግን ሹፌሩን «ጠጋ በል» የሚለው ማን ነው?

«ቱሪስት ባይኖር ታይገርም አይኖርም ነበር» ይሉኛል ካሜራ አንጋቾቹ። ሙግቱን አልንቀውም። «ፕሮጀክት ታይገር» እ.ኤ.አ. በ1973 በ9 ጥብቅ ክልሎች ተጀመረ፤ ዛሬ ክልሎቹ ከ50 በላይ ናቸው። በ2006 ወደ 1,411 ይገመት የነበረው የህንድ ታይገር በ2022 ግምት 3,682 ደርሷል። እስከሞተችበት እስከ 2016 ድረስ «በዓለም ላይ ብዙ ፎቶ የተነሳች ታይገር» ትባል የነበረችው የራንታምቦሯ ማችሊም ለአካባቢዋ ብዙ ገንዘብ አምጥታለች። እሺ። ሳሪስካስ ታዲያ? ሳሪስካም እኮ ጎብኚ ነበረው! በ2005 ግን ሕገወጥ አዳኞች ጨርሰዋቸው አንድም ታይገር እንዳልቀረ ታወቀ። ፓናም በ2009 ባዶውን ቀረ። ካሜራ ብቻውን ዘብ አይሆንም። ዘብ የሚሆነው ፎቶ ሳያነሳ ጫካውን በእግሩ የሚያስሰው ጥበቃ ነው።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ከካንሃ ጫካ የባይጋና የጎንድ ሰዎች ከአያት ቅድመ አያታቸው መንደር እንዲነሱ ተደርገዋል፤ ታይገሩ እንዳይረበሽ ተብሎ። ማገዶ ለቃሚዋ ከረበሸችው፣ በሞተር እየጮኸ የሚመጣው እንዴት ነው የማይረብሸው? የሚከፍል ሰው አይረብሽም ማለት ነው?

ፍርድ ቤቱ ሞክሯል። በ2012 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥብቅ ክልሎቹ እምብርት ጉብኝት አግዶ ከጥቂት ወራት በኋላ አነሳው። በኖቬምበር 2025 ደግሞ የሌሊት ሳፋሪ እንዲቀር፣ በእምብርቱ የጉብኝት ቀጠናዎችም ሞባይል እንዳይጠቀሙ አዘዘ። እደግፋለሁ፤ «እዚህ ናት!» እየተባባሉ መጠራራቱን ይቀንሳል። ግን ክንድ የሚያህል ሌንስ የታጠቀው ሰውዬ ያው ሰውዬ ነው። ሞባይሉን በር ላይ አስቀምጦ ስስቱን ይዞ ይገባል።

ሹፌሩና አስጎብኚው ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። ጉርሻው የሚወፍረው ታይገሯ በቀረበች ቁጥር መሆኑን ያስተማርናቸው እኛ ነን። እንግዲያው እኛው እናስረሳቸው። ወዳጄ፣ አንድ ቀን ከሄድክ ጉርሻውን ከበሩ ሳትገባ ስጠውና «ታየችም አልታየችም ያንተ ነው፤ መንገዷን ግን እንዳትዘጋ» በለው። ሌላ ጂፕ ከቀደመህም እለፍ። የፎቶ ውድድር የምታዘጋጁም ስለ ሌንሱ ከመጠየቃችሁ በፊት ስንት ጂፕ ከቧት እንደነበር ጠይቁ።

ያቺ ታይገር በመጨረሻ ውሃ ጠጥታ እንደሆነ አላውቅም። የመውጫ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ቀድመናት ሄድን።