ፈቃዱ ቢለወጥስ?

ኮልፌ ቀራንዮ ወላጆቻችን የተመዘገቡበት የፋይዳ መታወቂያ የተሠራው ባንጋሎር በተጀመረው በሞሲፕ ላይ ነው። ኮዱም በሞዚላ የሕዝብ ፈቃድ ለሁሉ ክፍት ነው። ባለቤቶቹ ነገ ፈቃዱን ቢለውጡስ? ሬዲስ የተባለው የመረጃ ማከማቻ ፕሮግራም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ይህንኑ አድርጓል፤ ኮዱን እንደ አገልግሎት በሚሸጡ ድርጅቶች ላይ ገደብ ጣለ። ነገር ግን አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ አይነጠቅምና፥ ኮዱን አብረው ይጽፉ የነበሩ ሰዎች በዚያው ወር የቀድሞውን ይዘው ቫልኪን መሠረቱ። ይህን የቻሉት ኮዱን ስለሚያውቁት ነው።

እኛስ? ማንበብና ማረም ካልቻልን የተከፈተው በር ለእኛ እንደ ተዘጋ ይቆጠራል። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ስለዚህ መምህራኖቻችን የሞሲፕን ኮድ ወደ ክፍል ያምጡልን፤ እኛም ተማሪዎች እንትጋበት እንላለን።