ስለ ጋምቤላ ወደብ ስንናገር ሰዉን አንርሳ

ኢትዮጵያ የባሕር በር አጣች እየተባለ ብዙ በሚነገርበትና በሚጻፍበት በአሁኑ ጊዜ፣ በገዛ አገራችን ውስጥ መርከብ ይገባበት የነበረ ወደብ እንደ ነበረን የምናስታውስ ተማሪዎች ጥቂቶች ነን። እርሱም በባሮ ወንዝ ዳር የሚገኘው ጋምቤላ ነው። የሚያስታውሱትም ቢሆኑ የሚያነሡት ውሉን፣ ቡናውንና መርከቡን ነው፤ የወንዙን ዳር ሰው ግን አያነሡትም። ይህ የታሪክ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉድለት ነው ብለን እናምናለን።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚወስን ውል አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ። በውሉ 4ኛ አንቀጽ መሠረት በኢታንግ አቅራቢያ፣ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተፈቀደ። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ተከልክሏል፤ ኪራዩም የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነበር። ለዚህም የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ሆነ።

ከዚያም በኋላ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እየመጡ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ያራግፉ፣ ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ በኩል የወረደውን ቡናና ሰም ይጭኑ ጀመር። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በዳርቻው ሱቅ ከፈቱ። በበጋ ውሃው ሲጎድል መርከቡም ይቀር ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አበቃ፤ ጣቢያውም በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በደቡብ ሱዳን የተነሣው ጦርነት ግን የወንዙን ጉዞ እያዳከመው ሄደ።

እስከዚህ ያለው በመጽሐፍ ይገኛል፤ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም ስለዚህ ንግድ አጥንተው ጽፈዋል። ነገር ግን ውሉ ሲፈረም በዚያ ወንዝ ዳር ማን ይኖር ነበር? አኙዋኮች ይኖሩ ነበር። ባሮን ኦፔኖ ብለው ይጠሩታል። ወንዙ ሲጎድል ጥሎት በሚሄደው ደለል ላይ በቆሎ ይዘራሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ። ኩዋሮ የሚባሉ የመንደር አለቆች፣ ኒዬያ የሚባሉም መኳንንት ነበሯቸው። ያው ውል ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ወሰን ሲያደርግ አኙዋኩንም ኑዌሩንም ከሁለት ከፈላቸው። ከፈራሚዎቹ መካከል ግን ከእነርሱ ወገን አንድም ሰው አልነበረም።

ዝም ብለው የተቀመጡም አይደሉም። በመጋቢት 1904 ዓ.ም. ኒዬያው አኩዌይ ዋ ቻም ኦዶንጎ ላይ በእንግሊዝ መኮንኖች ከሚመራ የሱዳን ጦር ጋር ተዋግቶ ብርቱ ጉዳት አደረሰበት። ይኸው ሰው ግን በጠመንጃ ኃይል ጎረቤቶቹን ኑዌሮችንም ወርሯል፤ እውነተኛ ታሪክ የሚያስመሰግነውን ብቻ አይመርጥምና ይህንንም መጻፍ ይገባል። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ አኙዋኮች ከእንግሊዛዊው ሊቅ ከኢቫንስ ፕሪቻርድ ጋር ሆነው በዚያ ድንበር የነበረውን የኢጣልያ ጦር በደፈጣ ወግተዋል። ስለ አርበኞች በተማርንባቸው መጻሕፍት ውስጥ የእነዚህን አኙዋኮች ነገር ያነበበ ተማሪ ካለ ይነሣና ይንገረን።

ይህን ማንሣት ነገር መቆስቆስ ነው የሚሉን ወንድሞች አሉ። እኛ ግን የሚለያየን መተዋወቅ ሳይሆን አለመተዋወቅ ነው እንላለን። ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው ስለ ጎረቤቱ የተወራውን ሁሉ ያምናል። ከታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ጀምሮ በጋምቤላ ከተማ ብዙ አኙዋኮች ተገደሉ። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሲዮን የሞቱት 65 ናቸው ሲል፣ ሌሎች ከ400 በላይ ናቸው አሉ። በሙታኑ ቁጥር እንኳ ሳንስማማ ነገሩ ተረስቷልና ይለፍ ማለት እንዴት ይቻላል?

ዓላማችን ማን ቀድሞ መጣ እያሉ መሬት ለመከፋፈል አይደለም። አኙዋኩም፣ ኑዌሩም፣ ማጃንጉም፣ ኦፖውና ኮሞውም፣ በ1977 ዓ.ም. ከድርቁ ዘመን ሰፈራ ጋር የመጣው ደገኛም የሚነግረን ታሪክ አለው። የምንጠይቀው ሁሉም እንዲደመጥ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ስም ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወርደው አንድ ዓመት ያገለግሉ ነበር፤ ከሄዱትም ብዙዎቹ አስተማሪዎች ሆነው ሠርተዋል። እኛ ደግሞ ለመማር እንውረድ። የጋምቤላ ተወላጆች የሆኑ ጓደኞቻችን ይምሩን፤ ሌሎቻችን በሚያዙን ሥራ እንርዳቸው። በመጪው ዕረፍት ከየመንደሩ ሽማግሌዎችና እናቶች የወንዙን ታሪክ ጠይቀን፣ አስቀድሞ በተነገረበት በአኙዋክኛና በኑዌርኛ፣ ቀጥሎም በአማርኛ እንጻፈው። አንዱ ቅጂ በጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው በእኛ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ተናጋሪዎቹም የተጻፈውን አስነብበው ያርሙት።

የማኅበራችን የሥራ ኮሚቴ ይህን ሐሳብ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳ ውስጥ እንዲያገባው እንጠይቃለን። የ1894ቱ ውል ወረቀት በመዝገብ ቤት ተጠብቆ ይኖራል፤ የሽማግሌዎቹ ቃል ግን እኛ ትምህርታችንን እስክንጨርስ አይጠብቀንም።