ወፍራም ፊደልና ትንሽ ጠርሙስ

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ፊደል እንጨዋወታለን። ነገሩ እቤታችን በእጃችን ሠርተን በምንሸጠው ዕቃ ላይ ስለምናሰፍረው ወፍራም ፊደል ነው። ሳሙና የምትሠሩ፣ ሻማ የምታፈስሱ፣ ቦርሳ የምትሰፉ፣ ቅባት የምታዘጋጁ እህቶችና ወጣቶች ብዙ ናችሁና ጉዳዩ ሳይመለከታችሁ አይቀርም።

ወደዚህ ርዕስ ያመጣኝ በቤተሰባችን የደረሰ ነገር ነው። የእህቴ ልጅ ጥቁር አዝሙድንና የጥብስ ቅጠልን በዘይት ዘፍዝፋ የፀጉር ቅባት ትሠራለች። ሙያዋ ማሻአላህ የተመሰገነ ነው። ቅባቱን በትንንሽ ጠርሙስ ትሞላና በኮምፒዩተር ያዘጋጀችውን ወረቀት ትለጥፍበታለች። ወረቀቱ ላይ ከላይ “ጥቁር አዝሙድ”፣ ከታች ደግሞ “ለፀጉር ብቻ፤ አይጠጣም” የሚል አለ። ልጅቱ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት እጅግ ወፍራም ፊደል አድርጋ 200 ወረቀት አሳተመች። የላይኛው ከመንገድ ማዶ ይነበባል። የታችኛው በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ፣ ፊደሉ ከፊደሉ ተጣብቆ፣ አንድ ጥቁር መስመር ሆኖ ቀረ።

አንዲት ጎረቤታችን፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ ከዚሁ ቅባት አንድ ጠርሙስ በስጦታ ደረሳቸው። በማግስቱ ጠዋት በማንኪያ አንጠባጥበው ሊውጡ ሲሉ የልጅ ልጃቸው ደርሳ አስጣለቻቸው፤ አልሐምዱሊላህ። እርሳቸው ምን ያድርጉ? በብዙዎቻችን ቤት የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከማር ጋር በማንኪያ የሚወሰድ ነገር ነው። “ልጄ፣ ጥቁር አዝሙድ ይላል እኮ! የታችኛውን እኔ ጌጥ መስሎኝ ነበር” አሉ። የእህቴ ልጅ ነገሩን ስትሰማ አለቀሰች። “አጎቴ፣ እኔ እኮ ጎልቶ እንዲታይ ብዬ ነው ያወፈርኩት” አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ብዙዎቻችን የምናስበው እንደዚሁ ነው። የእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፤ ዐረብኛም የለውም። ስለዚህ አንድን ቃል ከሌላው ማጉላት ስንፈልግ እጃችን ቶሎ ወደ ማወፈር ይሄዳል። ነገር ግን ወፍራም ፊደል ከመነሻው የተፈጠረው ለትልቅ ቦታና ለጥቂት ቃል ነው። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው ምእተ ዓመት መግቢያ ላይ እጅግ የወፈሩ የሕትመት ፊደላት ብቅ ያሉት የግድግዳ ማስታወቂያ ከአላፊ አግዳሚው ዓይን እንዲገባ ተብሎ ነበር። የፊደሉ መጠን እያደገ ሲሄድ የእርሳሱ ፊደል ከበደ፣ ዋጋውም ናረ። በ1827 እ.ኤ.አ. ዳሪየስ ዌልስ የተባለ የኒውዮርክ አታሚ ትልልቅ ፊደላትን በመሣሪያ ከእንጨት እየፈለፈለ ማውጣት ጀመረ። እነዚያን ፊደላት መጽሐፍ ልጻፍባቸው ያለ አልነበረም።

ከእኛው ዘንድም ምሳሌ አለ። እቤታችሁ ያለውን ሙስሐፍ አንሡና ተመልከቱ። በአብዛኛው የሽፋኑ ጽሑፍ ሱሉስ በሚባለው ትልቅና ግርማ ባለው አጻጻፍ ይሆናል፤ የውስጡ ቃል ግን ነስኽ በሚባለው፣ ለረጅም ንባብ በሚመቸው አጻጻፍ ነው። በኢስታንቡል አያ ሶፍያ ውስጥ ከፍ ብለው የተሰቀሉትን 8 ክብ ሰሌዳዎች በፎቶግራፍ ያላየ ጥቂት ነው። በ19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ የጻፏቸው ቃዲአስከር ሙስጠፋ ኢዘት ኤፈንዲ ናቸው። የእያንዳንዱ ሰሌዳ ስፋት 7 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ታዲያ በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ የሰፈረው በየሰሌዳው አንድ ስም ነው፤ የአላህ፣ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ የአራቱ ኸሊፋዎች፣ የሐሰንና የሑሰይን። እኚሁ ሰው ሙስሐፍ ሲጽፉ ብዕራቸውን ለውጠው በነስኽ ይጽፉ ነበር።

ወደ ጠርሙሳችን እንመለስ። የአማርኛ ፊደል ሲወፍር ከላቲኑ ይልቅ የሚጎዳበት ምክንያት አለው። የእኛ ፊደል አናባቢውን የሚናገረው በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ካዕቡ ወገቡ ላይ፣ ሣልሱ እግሩ ላይ ጭረት ይዞ፣ ኃምሱ ደግሞ እግሩ ላይ ትንሽ ቀለበት አንጠልጥሎ። ጭረቱ ከገላው ጋር ሲጣበቅ “ቁ” “ቀ”ን መምሰል ይጀምራል። ቀለበቱ በቀለም ሲሞላ “ቤ” እና “ቢ” አንድ ይሆናሉ። “ጠ” ሦስት እግሮቹ ከተገናኙ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ “አይጠጣም” የሚለው ቃል ደግሞ እንዲህ ያለ ፊደል ሁለት ይዟል። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ የሚለያዩት ራሳቸው ላይ ባለ አንድ ሰረዝ ነው። ሻማ የምትሠሩ እህቶች በተለይ ተጠንቀቁ! የ“ሻ” ሰረዝ ከሥሩ ካለው ጋር ተዋሕዶ ከጠፋ “ሳማ” እየሸጣችሁ ነው፤ ሳማን ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ አላየሁም።

በዐረብኛም ያው ነው። ባ፣ ታ እና ሣ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነው። የታ ሁለት ነጥቦች ወፍረው ከተገናኙ፣ ቃል ውስጥ ሲገባ ኑን ይመስላል።

የኮምፒዩተሩን ነገር ልጨምር። ልጅቱ የተጠቀመችው ወፍራም መልክ ያልተዘጋጀለትን የፊደል ዓይነት ነበር። ለምሳሌ ኒያላና አቢሲኒካ የሚባሉት የታወቁ የአማርኛ ፊደላት የተሠሩት በአንድ መደበኛ ውፍረት ብቻ ነው። እንዲህ ባለው ላይ “ቦልድ” የሚለውን ስትጫኑ ማሽኑ ያንኑ ስስ ፊደል ዙሪያውን ቀለም ይቀባዋል እንጂ አዲስ ፊደል አያመጣም። ውስጡ ያለው ክፍተት የሚዘጋውም ለዚህ ነው። በነፃ የሚገኘው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ከስስ እስከ በጣም ወፍራም 9 ደረጃ አለው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ክፍተቱ ታስቦ ተስሏል። ቢሆንም በጣም ወፍራሙን በትንሽ መጠን ብታትሙት ከዚሁ ችግር አታመልጡም።

ማኅተም የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ነገር አለባችሁ። ቡናማው የማሸጊያ ወረቀት ቀለም ይጠጣል፤ ቀለሙም ወደ ጎን ይሰፋል። ስለዚህ በኮምፒዩተሩ ላይ ደህና የሚመስለው ፊደል ወረቀቱ ላይ አንድ ደረጃ ወፍሮ ያርፋል። ማኅተሙን ከማስቀረጻችሁ በፊት ከምትፈልጉት ሳሳ ያለውን ምረጡ። ለጥልፍም ቢሆን ወፍራም ፊደል የራሱ መዘዝ አለው። የፊደሉ ገላ በሰፋ ቁጥር ክሩ ከዳር እስከ ዳር ይረዝማል፣ በቀለበትና በጥፍር እየተያዘ ይመዘዛል።

ወፍራም ፊደል ጥሉ ማለቴ እንዳይደለ ትረዱልኛላችሁ። ዛሬ የእጅ ሥራ በቴሌግራም በሚሸጥበት ጊዜ ዕቃው መጀመሪያ የሚታየው ከአውራ ጣት ባልበለጠ ፎቶ ላይ ነው። እዚያ ላይ ስስ ፊደል ጨርሶ አይታይም፤ አንድ ወፍራም ቃል ግን ገዢን ይጠራል። አንድ ቃል፣ ቢበዛ ሁለት። ጥያቄው የትኛው ቃል ይሁን የሚለው ነው።

ይህን ካነሣን አይቀር፣ ቢስሚላህ ወይም የአላህን ስም በትልቁ አድርገው መጠቅለያ ላይ የሚያትሙ አሉ። ኒያቸው መልካም መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን የሳሙና ወረቀት በማግስቱ ተቀድዶ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ይረገጣል። ለግድግዳ በሚሰቀል ሥራ ላይ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።

የእህቴ ልጅ የቀሩትን ወረቀቶች ጥላ እንደገና ጀመረች። አንድ ምሽት አብረን ተቀምጠን፣ ወረቀቱን በእውነተኛ መጠኑ እያተምን ባዶ ጠርሙስ ላይ ለጠፍን። አሁን በወፍራሙ የተጻፈው “የፀጉር ቅባት” ነው። “ጥቁር አዝሙድ” ከሥሩ በመጠኑ አንሶ፣ በመካከለኛ ውፍረት ገባ። “አይጠጣም” ደግሞ በመደበኛው ፊደል፣ ዙሪያው ባዶ ተትቶለት ብቻውን ቆመ። እኔ ቀይ ይሁን ብዬ ነበር። ልጅቱ ግን ቅባቱ ሲንጠባጠብ ቀለሙን ያደበዝዘዋል ብላ ጥቁር አደረገችው፤ ልክ ነበረች።

ከዚያም ጠርሙሱን ይዛ ወደ እኚያ ጎረቤታችን ሄደች። ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማ መጀመሪያ ከላይ ያለውን አስነበበቻቸው፤ ቀጥሎ እጃቸው ላይ አድርጋ የታችኛውን። መነጽራቸውን ሳያደርጉ “አይጠጣም” ብለው ጮክ ብለው አነበቡና “እንግዲህ ማሩን ብቻ እበላለሁ” አሏት። አዲሶቹን 200 ወረቀቶች ያሳተመችው ከዚያ በኋላ ነው።