ለመሣሪያው የተነገረ፣ ከሰው የተሰወረ

ስለ መሥሪያ ቤቶች መዋሐድና ስለ ስማቸው መለዋወጥ በዚህ ዓምድ ደጋግሜ ማጉረምረሜን የሚያስታውሱ አንባብያን «ደግሞ ጀመረ!» ቢሉኝ አልቀየማቸውም፤ የዚህ ሳምንቱ ግን ከቀድሞው ሁሉ የባሰ ስለ ሆነ ዝም ማለት አልተቻለኝም። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ከሌላው ጋር ተዋሕዶ ኖሮ፣ በስልኬ መዝግቤ በያዝሁት በቀድሞው የድረ ገጹ አድራሻ አንድ መመሪያ ልፈልግ ብገባ፣ ያለ አንዳች ማስታወቂያ በማላውቀው ስምና በማላውቀው ዓርማ ፊት ተገተርሁ። ተመልሼ ብገባ ያው፤ አድራሻውን ፊደል በፊደል ብጽፈው ያው። ስለ መዋሐዱ አንዲት ቃል፣ መመሪያው ስለ ገባበት ስፍራ አንዲት ፍንጭ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣው፣ የመዛወሩ ነገር በሥርዓቱ የተነገረ መሆኑ ነው፤ የተነገረው ግን ለእኔ አይደለም። ድረ ገጽ ሲዛወር አሮጌውን አድራሻ የሚጠብቀው ሰርቨር ለጠያቂው ብራውዘር 301 የሚል ቍጥር ይመልስለታል፤ ይኸውም «ለዘለቄታው ተዛውሯል፤ አዲሱ ስፍራ ይህ ነው» የሚል መልእክት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የኤችቲቲፒ ደንብ ውስጥ ተደንግጎ ይገኛል። ብራውዘሩ ይህን ሰምቶ፣ ባለቤቱን ሳያማክር፣ ወደ አዲሱ ስፍራ ይወስደዋል፤ እንደ ጉግል ያሉት ፈላጊዎችም ያንኑ ቍጥር አንብበው መዝገባቸውን ያድሳሉ። እንግዲህ መሣሪያው ሁሉ ሲሰማ፣ ሳይሰማ የቀረው ጉዳዩን ይዞ የመጣው ሰው ብቻ ነው።

የሙያው ሰዎች «ካሰበበት ከደረሰ ምን ቸገረው?» ይሉኛል። ካሰበበት መቼ ደረሰ? እያንዳንዱን አሮጌ ገጽ ከአዲሱ አቻው ጋር ማገናኘት ድካም ስለሚጠይቅ፣ ብዙዎቹ ሁሉንም በጅምላ ወደ መግቢያው ገጽ ይነዱታልና፣ መመሪያ የፈለገውም ሆነ የሥራ ማስታወቂያ የፈለገው እኩል የኃላፊውን የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግር ያነባል። ከዚህም ሌላ፣ ሰውን ከሚያምነው ስፍራ ሳያውቅ ወደ ሌላ ስፍራ መውሰድ የአጭበርባሪዎች ስልት ነው፤ ሕዝቡ የይለፍ ቃሉን ከመጻፉ በፊት አድራሻውን እንዲመረምር በሚመከርበት ዘመን፣ ሕጋዊው መሥሪያ ቤት ያንኑ ስልት ሲለማመድ ምን ያስተምረዋል?

ነውሩን የሚያከብደው መድኃኒቱ ቀላል መሆኑ ነው። ዊኪፔዲያ፣ በአንድ ስም ፈልጎ ወደ ሌላ ርእስ የተወሰደውን አንባቢ፣ ከየትኛው ስም እንደ ተዛወረ ከርእሱ በታች በደቃቅ ፊደል ይነግረዋል። የብሪታንያ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2012 ጎቭ ዩኬ የተባለውን ድረ ገጽ ከፍቶ የሚኒስቴሮቹንና ከ300 በላይ የሆኑ ሌሎች ተቋማቱን ገጾች ወደዚያ ሲያጠቃልል፣ አቻ ያላቸውን አሮጌ ገጾች ወደ አቻቸው ሲመራ፣ አቻ ለሌላቸው ገጹ መነሣቱን ገልጦ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ወደ ተቀመጠው ቅጂ የሚያመለክት ማስታወቂያ አቁሞላቸዋል።

በእኛስ? በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1097 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1263 የከፍተኛ ትምህርቱ ሥራ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ሲመለስ፣ ቴክኒክና ሙያው ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደ። አንዱ አሮጌ አድራሻ እንዲህ ሁለት ወራሾች ሲኖሩት፣ መጪውን ሳይጠይቁና ሳይነግሩ ወደ አንደኛው መስደድ ባለጉዳዩን ግማሽ መንገድ ላይ መጣል ነው።

እኔ ግን የምጠረጥረው ስንፍናን ብቻ አይደለም፤ ከራሱ በፊት ሌላ መሥሪያ ቤት እንደ ነበረ እንዲታወስ የማይወድ መንፈስም አለ። የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው፣ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የተጻፈበትን ስፍራ ማየቱ አይቀርም፤ ፋቂው ግን ብራናውን እንጂ ታሪኩን መፋቅ አልሆነለትም። ሊቃውንቱ ነገረ ተዋሕዶን ሲያስተምሩ ያለ ሚጠት፣ ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ውላጤ፣ ማለትም ያለ መመለስ፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ ይላሉ፤ ያን ረቂቅ ምሥጢር ከቢሮ ጉዳይ ጋር ለማስተካከል ባልደፍርም፣ አንድ መሆን መጥፋት እንዳልሆነ ከሕፃንነቱ ሲሰማ ያደገ ሕዝብ ውሕደቱን ሁሉ አንዱ ሌላውን በመዋጥ መፈጸሙ እጅግ ይደንቀኛል።

የምለምነው በገጹ ራስጌ የሚቆም፣ ጽሑፉን የማይሸፍን፣ አንብበው የሚዘጉት ሁለት መስመር ነው፦ «የመጣችሁት በቀድሞው በእገሌ መሥሪያ ቤት አድራሻ ነው፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ ከእኛ ጋር ተዋሕዷል፤ የፈለጋችሁት እዚህ ይገኛል።» ይህን ለመጻፍ ኮሚቴም ጨረታም አያሻም። ውሕደቱን በጋዜጣና በቴሌቪዥን ያስነገረ መሥሪያ ቤት በገዛ ገጹ፣ ያለ ሳንቲም ወጪ፣ ለራሱ ባለጉዳይ መናገር ከተሳነው፣ አፍሮበት ነው ብዬ ብጠረጥር ማን ይፈርድብኛል?